ላንድሮቨሯና ሦስቱ ሽማግሎች

ቢቸና ላይ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የሚቆም ሰው የለም። ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ኮፈኑን ክፈቱና እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ሰባት ሳትደርሱ አንዱ አጠገባችሁ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ «ካርቡራተሩ ነው» ይላችኋል። ሰውየው መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ነድቶም አያውቅም። ግን ካርቡራተሩ ነው።

እኔ ይህን የማውቀው ሦስት ዓመት ሙሉ ኮፈን ከፍቼ ስለኖርኩ ነው። ስንሻው እባላለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የመንግሥት መኪና ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ግቢዬ ውስጥ በአራት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እጠግናለሁ። እጠግናለሁ ስል ታዲያ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ጥገና ማለት አንድ ብሎን ለመፍታት ከጧት እስከ ምሳ መታገል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ የተሰበረውን ብሎን ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

እንዴት አገኘሃት አትሉኝም? ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ለቅሶ ልደርስ ሞጣ ሄድኩ። ሞጣ ሄጄ ሐጂ ኑርሁሴንን ሳልጠይቅ አልመለስም። ሐጂ ከአያታቸው ጀምሮ እዚያው ከተማ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ እኔን ከወጣትነቴ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ስንጫወት ቆየንና፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ሽንቴ መጣ። ወደ ጓሮ ዞር ብል ምን አያለሁ? ግራዋ በወለሏ በቅሎ በመስኮቷ የወጣ ላንድሮቨር። የሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ተጠግቼ የኋላ በሯን እጀታ ዳበስኩት። የወይራ እጀታ ነው። ያን እጀታ በገዛ እጄ የጠረብኩት እኔ ነኝ።

አስራ አንድ ዓመት የነዳኋት መኪና ነበረች። መሥሪያ ቤቱ አዲስ መኪና ሲያመጣ በጨረታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባች አላውቅም ነበር። ለካ የሐጂ ታላቅ ወንድም ዕቃ ሲያመላልስባት ኖሮ፣ ስትቆም እዚያው ትቷት ኖሯል። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው በዚች መኪና ውስጥ ነው። ባለቤቴን ጥሩአለምን ምጥ ይዟት ወደ ሞጣ ሳበር፣ ጉንደ ወይንን አለፍ እንዳልን ልጅቱ አልጠብቅም አለች። ጥሩአለም እስከ ዛሬ «መንገዱ ነው ያዋለደኝ» ትላለች። እንግዲህ ሐጂን ስለምናቸው ብዙም አላስቸገሩኝ። ውሰዳት፣ ዶሮዋን ግን ጫጩቶቿን እስክትፈለፍል አታስነሳት አሉኝ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ በጭነት መኪና አስጫንኳት።

ጥሩአለም መኪናዋ ግቢ ስትገባ ምንም አላለችም። የጎመን መደቧ ተደረመሰ፤ የልብስ ማስጫ ገመዷ ተበጠሰ፤ ምንም አላለችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል። የሚጮህ ቁጣ ይሻላል። እኔም ነገሩን ሆዴ ውስጥ ይዤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ወራት ባታስታውሱኝ ደስ ይለኛል። ጡረተኛ ሆኜ ቤት ስውል ሽንኩርቱ ደቀቀ እላለሁ፤ እሳቱ በዛ እላለሁ፤ በሩ ለምን ተከፈተ፣ ለምን ተዘጋ እላለሁ። አንድ ቀን ጥሩአለም ገበያ ስትሄድ የቅመም ዕቃዎቿን በቁመታቸው ደረደርኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ያን ቀን የበላነው ሽሮ ምን ምን እንደሚል አልነግራችሁም። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ግን ማድ ቤት ዝር ብዬ አላውቅም። ጊዜስ የት አለኝ?

ላንድሮቨር የላይ ልብሷ አሉሚኒየም ነው፤ አይዝግም። ለዚህ ነው ስታዩዋት ደህና የምትመስለው። ቀለም ቀባኋት፣ መስታወት አስገባሁላት፣ ሰዉ ሁሉ «አለቀች እኮ» አለኝ። ሻንሲዋ ግን ብረት ነው። ሞተሩም፣ አካሏም፣ ሰዉም የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ባለፈው ግንቦት ከሥሯ ገብቼ ሻንሲውን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ጠለቀ። ፈቀቅ ብዬ ሌላ ቦታ ነካሁ፤ እዚያም ጠለቀ። በያጅ ጠራሁ። በያጁ ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል፤ ለቀስተኛ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ጋሽ ስንሻው፣ ምኑ ላይ ልበይደው?» አለኝ። «ብየዳ እኮ ብረት ይፈልጋል።»

ደብረ ኤልያስ ላይ ደህና ሻንሲ አለ ሲሉኝ እዚያ ድረስ ሄድኩ። እውነትም አለ። ዝገት የሚባል አልነካውም። ግን ከአንድ ትልቅ ቦይ ላይ ተጋድሞ፣ ሳንቃ ተመቶበት፣ የመንደሩ ድልድይ ሆኖ እያገለገለ ነው። የመንደሩን ሰዎች አነጋገርኩ። አንድ አዛውንት በትሕትና መለሱልኝ። አንሰስትህም ልጄ፣ ውሰደው አሉ። ብቻ ቤተ ክርስቲያናችን ከማዶ ነው፤ ክረምት ላይ ሰው ቢሞትብን ሬሳውን በየት እናሻግረው? አንተ ንገረን አሉኝ። መጀመሪያ የእንጨት ድልድይ ከሠራህልን ያንተ ነው አሉ። እኔ ድልድይ ሠሪ ነኝ? ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ነው «ልተዋት እንዴ?» ማለት የጀመርኩት። ልቀጥል ስል ያ ካቻቢቴ ትዝ ይለኛል። ልተዋት ስል ደግሞ ካቻቢቴውን መልሼ አነሳለሁ። እውነቱን ልናገር? ከጡረታ በኋላ ጧት ከአልጋ የምታስነሳኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች እኔ ማን ነኝ? ጥላ ይዞ ከዳር ዳር የሚመላለስ ሽማግሌ ልሆን ነው። ደጀን ያለው ብረት ሰብሳቢ ቢቸና በመጣ ቁጥር በአጥሬ ላይ ብቅ ብሎ «እንዴት አደረች?» ይለኛል። በሽተኛ የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ ምን እንደሚጠብቅ አጥቼው አይደለም።

በሐምሌ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሎች ቆመዋል። አንዱ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የቅኔ መምህር፣ ቢቸና ላይ የእሳቸውን ቃል የሚሰብር የለም። ሁለተኛው የእድራችን ዳኛ አቶ ድረስ። ሦስተኛው? ሐጂ ኑርሁሴን፣ ከሞጣ ድረስ። ጥሩአለም መኪናዋን የሰጡኝን ሰው ጠርታ ልታስወስድብኝ ነው አልኩ። እሷም በቤቱ በር ትይዩ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። የላከቻቸው እሷ መሆኗን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መቼም የሽማግሌን ነገር ታውቁታላችሁ። ወደ ቤት ግቡ አልኳቸው፤ አይገቡም። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አይቀመጡም። መሪጌታ «ስንሻው፣ የመጣንበትን ካልፈጸምክልን አንቀመጥም» አሉ። ዝናቡ ጀመረ። ለሐጂ ብርዝ፣ ለሁለቱ ጠላ ተቀድቶ ውስጥ ይጠብቃል። እነሱ ግን ግቢው መሀል፣ ላንድሮቨሯ አጠገብ ቆመው ይርሳሉ። የሐጂ ነጭ ቆብ ረሰረሰ። መሪጌታ ጥምጥማቸው ላይ ውኃ ሲወርድ ዓይናቸውን እንኳ አላሹም። ይህን ዓይቶ የሚችል አንጀት አለ? ሦስት የተከበሩ ሰዎች በእኔ የተነሳ ሳንባ ምች ይያዙ?

ጉዳያቸውን እስኪናገሩ አልጠበቅኩም።

«የኔታ፣ በቃ፣ ገብቶኛል» አልኩ። «ስለ እናንተ ስል ትቻለሁ። ነገውኑ የደጀኑን ብረት ሰብሳቢ ጠርቼ አስረክባታለሁ። አሁን ግቡልኝ።»

ስናገረው እንባዬ መጣ። ዝናብ መሆኑ በጀኝ።

እነሱ ግን አልገቡም። መሪጌታ ወደ ሐጂ አዩ። ሐጂ ወደ አቶ ድረስ አዩ። አቶ ድረስ የሚያየው ሲያጣ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ቆይተው መሪጌታ፣ እኔ ተማሪ ሆኜ የተሳሳትኩ ያህል፣ ማን ተው አለህ ብለው ጠየቁኝ። ዞሬ ጥሩአለምን አየኋት። ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«ልጄን የወለድኩባትን መኪና ለቁራሌ?» አለች። «የኔታ፣ እንዴው ንገሩልኝ። እኔ እንዲያ አልኩ?»

እንዲያ አላለችም። ያለችውን ከሽማግሎቹ አፍ ስሰማ የላንድሮቨሯን በር ተደግፌ ነው የቆምኩት። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሰዉ ሁሉ «አለቀች፣ አለቀች» ሲል ትሰማለች። ጭንቅ ያዛት። መኪናዋ ካለቀች እኮ ስንሻው ተመልሶ ቤት ሊውል ነው። ሽንኩርቱ ሊደቅ ነው፤ በሩ ሊከፈትና ሊዘጋ ነው፤ ቅመሙ በቁመት ሊደረደር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለችው ተናዳ እንዳይመስላችሁ። ብናገር ሥራውን ያቆምብኛል ብላ ፈርታ ነው። ሽማግሌ የላከችውም እንድተው አይደለም። እንዳልጨርስ ቃል እንዲያስገቡኝ ነው።

ሐጂን ከሞጣ የጠራቻቸው ደግሞ መኪናዋን ስለሰጡላት ልታመሰግን ነበር። ሐጂ ይህን ሲናገሩ ሳቃቸው አምልጧቸው ቆባቸውን አውልቀው ጨመቁት።

ሽማግሎቹ ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ጠጡ፤ ፈረዱ። አቶ ድረስ የእድር ሰው ስለሆኑ ፍርዱን በቁጥር አስቀመጡት። አንደኛ፣ ስንሻው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቁርስ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ከመኪናዋ ሥር አይጠፋም። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ብሎን በላይ አይፈታም። ሐጂ አንድ ነገር ጨመሩ። ለደብረ ኤልያስ ሰዎች የእንጨት ድልድይ ይሥራላቸው፤ ሥራው ጽድቅ ነው፤ ደግሞም ሁለት ዓመት ይፈጃል አሉ። ጥሩአለም ይህን ስትሰማ ተነስታ የሐጂን ጉልበት ልትስም ቃጣት። መሪጌታ በመጨረሻ «እሺ በል» አሉኝ። እኔ ስንሻው፣ አርባ ዓመት ግድም መሪ የጨበጥኩ ሰው፣ በሕይወት እያለሁ ይህችን መኪና ሠርቼ ላልጨርስ በሦስት ሽማግሎች ፊት እሺ አልኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ ቃል ገብቼ አርፌ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። ከጎረቤት ባትሪ ተውሼ አሰርኩባት። ለክፋት አይደለም፤ መብራቷ ይበራ እንደሆን ልይ ብዬ ነው። መብራቱ በራ። በዚያው ቁልፉን አንድ ጊዜ ብጠመዝዘው ሞተሯ ሳል ሳል አደረጋት፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ተነሳች። ድንጋዮቹ ላይ ሆና ትንቀጠቀጣለች። እኔም አብሬያት ተንቀጠቀጥኩ። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ወዲያው ግን መሪጌታ ትዝ አሉኝና ቁልፉን መልሼ አጠፋሁት።

ቀና ስል ጥሩአለም በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ሊጥ አለ። ጭሱን በክንዷ እያራገበች ወደ መኪናዋ ቀረብ አለች።

«ተነሳች?» አለችኝ።

«ተነሳች» አልኳት።

«ፍሬንስ አላት?»

«የላትም።»

«ተመስገን» ብላ ወደ ቤት ገባች።