ጣቢያው ሲዘጋ ማን ይቀራል?

(በደርግ ዘመን፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ያለች አነስተኛ የድንጋይ ከሰል መብራት ጣቢያ። ወሩ ረመዳን፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ። ጎልማሳው ኑርዬ እሳት አንዳጅ ነው። ወጣቱ አስረስ ገመድ እየሳበ የእንፋሎቱን ፊሽካ ያስጮሃል። በሩ ላይ ወዳለው አምፖል አንጋጠው ይከራከራሉ።)

ኑርዬ፦ ይኸ አምፖል የሚበራው በኔ እሳት ነው አልኩህ።

አስረስ፦ ጋሼ፣ የመብራት ኃይል ሰዎች ግን በምሰሶ ከሩቅ በመጣው የውሃ ኃይል ነው ይላሉ።

ኑርዬ፦ እሳት ላይ ውሃ ብታፈስበት ምን ይሆናል?

አስረስ፦ ይጠፋል።

ኑርዬ፦ በል፣ ጨረስን።

አስረስ፦ እነሱ ግን ውሃው ከላይ ሲወርድ…

ኑርዬ፦ ታዲያ ዝናብ ሲጥል ለምን አምፖሉ አይደምቅም?

አስረስ፦ (ያስባል) እሱን አልጠየቅኳቸውም። ጋሼ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ከከተማው ኮሚቴ ስብሰባ ነው። ልነግርዎት…

ኑርዬ፦ አትንገረኝ፣ አውቀዋለሁ። አምና አንዱን ቦይለር ዘጉት፣ ዘንድሮ ሠራተኛውን በተኑት። ከሁለታችን ደግሞ አንዳችንን ብቻ ያስቀራሉ። አንጀቴን ትበላኛለህ ልጄ፣ አንተን ማን ይቀጥርሃል?

አስረስ፦ አንቱስ?

ኑርዬ፦ እኔማ ብወጣ ልጆቼን ምን አበላለሁ? ግን አልወጣም። ያለኔ ሐይቅ በጨለማ ልትዳፈን ነው?

አስረስ፦ ከሰል ሊያመጡ ውጫሌ የሄዱ ለት…

ኑርዬ፦ እሳቱን ላንተ አደራ ብዬ። ስመለስ ከተማዋ ከሩቅ ቦግ ብላ ሳያት እንባዬ መጣ፣ ወላሂ። የኔ መብራት አልኩ።

አስረስ፦ የዚያን ለት እንቅልፍ ጣለኝና እሳቱ ከቀትር ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።

ኑርዬ፦ (አምፖሉን ያያል) ጠፍቶ?

አስረስ፦ አመድ ሆኖ። መብራት የጎደለበት ሰው ግን የለም። የጎደለው ፊሽካው ነው። ጎረቤታችን ፈዲላ ፊሽካ ሳልሰማ አላፈጥርም ብላ ሾርባዋ በረደባት። ማዶ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ድረስ የሚሰማ ሌላ ነገር የለማ። የኛም ሰው በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን የሚያውቀው በሱ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ ኮሚቴው ላይ ጮኸ።

ኑርዬ፦ እና ምን ተወሰነ?

አስረስ፦ መብራቱ ከእንግዲህ በምሰሶው፣ ፊሽካው ግን ይቀጥል ተባለ። የሚያስጮኸውም ይቆይ።

ኑርዬ፦ (አካፋውን ያስቀምጣል) አለቀልኝ በለኛ። ቆይ ግን፣ እንፋሎት ከሌለ ፊሽካው በምን ይጮሃል? ማን ሊያነድልህ ነው?

አስረስ፦ እኔም እሱን አልኳቸው። ረዳት ካልሰጣችሁኝ ገመዱን አልነካም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ኑርዬ፦ እሺ አሉ?

አስረስ፦ እሺ አሉ። ረዳትህን ራስህ ምረጥ አሉኝ።

ኑርዬ፦ (ብድግ ብሎ አቧራውን ያራግፋል፤ ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ ያቀርባል) እስቲ አረፍ ይበሉ… ጋሽ አስረስ። ለመሆኑ ማንን አሰቡ?