ቅድሚያ የሚሰጥ ዱላ

እስቲ ሥራችሁን አስቀምጡና ጆሮ ስጡኝ፤ ጊዜያችሁን የሚክስ ወግ ይዣለሁ። በቅድሚያ ግን ይኼን መልሱልኝ፤ እንደ እኛ በር ላይ የሚጣላ ሕዝብ አይታችኋል? ለመግባት አይደለም፣ ላለመግባት። "ይለፉ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ"፣ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" እየተባባልን ወጡ ይቀዘቅዛል። ዕርቅ የሚወርደው አንዱ "እሺ፣ አብረን እንግባ" ሲል ነው። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ይኼን ማስላት ነበረበት። እኔ አላሰላሁም።

የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክሱን ግን ያስተማሩኝ የተበላሸ ሬዲዮና የስልኬ ቪዲዮዎች ናቸው። ለኢንተርንሺፕ ጎንደር ውስጥ የአካል ጉዳተኞች መገልገያ ወደሚሠራበት ወርክሾፕ ስላክ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ዱላ ሠራሁ። አሠራሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ገደል አፋፍ ቆማችሁ ስትጮኹ ድምፃችሁ ይመለስ የለ? ዱላውም ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደፊት ይልካል፤ ድምፁ አንዳች ነገር ነክቶ ከተመለሰ እጀታው ይንቀጠቀጣል። ሰው ይሁን ግንብ አይለይም። "አለ" ብቻ ነው የሚለው።

ሊሞክሩልኝ የተስማሙት የአምባ ጊዮርጊሱ አያ ታከለ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ክንዳቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው ጎረቤታቸው አያ ወርቁ ነበሩ። አያ ወርቁ በሰኔ ሲሞቱ አያ ታከለ ከምድጃ ዳር አልነሳ አሉ። ልጃቸው አለሚቱ ልምራዎት ብትላቸው "ምነው፣ በግ ነኝ የምትጎትቺኝ?" አሉ። እሷም ወደ እኔ ዞራ "አንተ ልጅ፣ ይኼ እንጨትህ ካልሠራ አባቴ ከዚህ ቤት የሚወጣው በቃሬዛ ነው" አለችኝ።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ወጣን። ጭጋጉ የገዛ እግራችንን ደብቆብናል። አያ ታከለ ከፊት፣ እኔና አለሚቱ ከኋላ። ዱላው ከአጥር አዳናቸው፣ ከቆመ አህያ አዳናቸው። "ሸጋ ነው" ሲሉ እኔ በልቤ ደጃዝማችነት ተሾምኩ። ሹመቴ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አላለፈም።

እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። እጀታው ይንቀጠቀጣል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማንም የለም። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው "ይለፉ" አሉ። "ኧረ ይለፉ፣ በሞቴ።" ዱላው መንቀጥቀጡን አልተወም። ተጠግቼ እጄን በበሩ መሃል ሰደድኩ። ባዶ ነው፤ ብቻ እዚያች ላይ ብርዱ ይብሳል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ አይደል? ጭጋጉ የድምፅ መላኪያውን አርጥቦት ነው፣ የሌለውን አለ የሚለው በእርጥበት የተነሳ ነው እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

አያ ታከለ አልሰሙኝም። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ። "ወርቁ፣ ዛሬም ልትረታኝ?" አሉ።

አለሚቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን እዚያች በር ላይ "እለፍ"፣ "አንተ እለፍ" ሲባባሉ ኖረዋል አለችኝ በሹክሹክታ፤ ሁልጊዜ ተረትተው ቀድመው የሚገቡት አባቷ ነበሩ።

"ዛሬስ የለም" አሉ አያ ታከለ። "በሞት ቀድመኸኝ የለ? በበሩም ቅደመኝ።"

የዱላው መንቀጥቀጥ ቀጥ አለ። እሳቸውም ገቡ።

ወርክሾፕ ወስጄ ፈታሁት፣ አደረቅሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። እንከን የለውም። ፀሐይ በወጣበት ቀን ይዤው ተመለስኩ፤ ጭጋግ የለ፣ እርጥበት የለ፣ እዚያች በር ላይ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ተቆጣጣሪዬ ስህተቱን አርም አለኝ። አያ ታከለ ግን "ነካክተኸው ወርቁ ቢቀርብኝ እኔም ወደ ምድጃዬ ነኝ" አሉ። ተውኩት። አሁን በየጠዋቱ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ከሠራሁት ሁሉ ሰው ከቤት ያወጣው ስህተቴ ነው።

ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ ሞክሩት። አምባ ጊዮርጊስ ከአውቶቡስ ውረዱና አያ ታከለን ጠይቁ፤ ዱላውን ያውሷችኋል። በሩ ላይ ሲንቀጠቀጥባችሁ እንደ እኔ ስለ እርጥበት አታስረዱ፤ "ይለፉ" በሉ። እኔም ብያለሁ፣ ምህንድስናዬ አልተቀነሰም። ብቻ አደራ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ሟቹን "አብረን እንግባ" እንዳትሉ።