እናት ሆነው የገቡት እማሆይ

ልጄን በአንቀልባ አዝዬ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ እናት አይደለህም ተብዬ ተመለስኩ።

እናንተስ “እናቷን ይጥሩ” ባይ ገጥሟችሁ ያውቃል? ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የሞላሌ ጤና ጣቢያዋ ሲስተር እኔን ስትመልስ እንኳ፣ ልጄን ብርድ እንዳይመታት የራሷን ሻርፕ አልብሳታለች።

“እናቷን ይጥሩ።”

“አርፋለች።”

“ታዲያ አንዲት ሴት ይዘው ይምጡ፤ መመዘኛ ክፍሉ የሚያስገባው እናቶችን ብቻ ነው።”

ሞት ከባልና ሚስት አንዱን ሲወስድ ሲስተርን ያስፈቅዳል እንዴ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግ ግን የትም አላነበብኩም። ልጄ ከስታለች፤ ለከሱ ልጆች የሚታደለው አልሚ ምግብ ደግሞ ሳትመዘን አይሰጥም። ምን ላድርግ? ጎረቤቴን እማሆይን ለምኜ አመጣኋቸው። ወልደው የማያውቁት መነኩሲት ቆባቸውን እንደደፉ እናት ሆነው ገቡ፤ እኔ አባትየው ደጅ ቀረሁ።

“እማሆይ፣ ልጅቷ ጡት ጥላለች?”

“እግዚኦ! እኔን ነው የምትጠይቂው?”

“እሺ፣ ምን ትበላለች?”

“እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። የሷን አባቷን ጠይቂው፤ ያውና ደጅ ተገትሯል።”

ልጄ ሚዛኑ ላይ ስትንጠለጠል ጩኸቷ ጣሪያውን አናጋው። ሲስተር አባበለቻት፤ እማሆይ ውዳሴ ማርያም ደገሙላት። እሷ ግን “አባ!” እያለች እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

ሲስተር እየሳቀች በሩን ከፈተች።

“ይግቡ አባቷ። ከእንግዲህ የሚያሳድግ ሁሉ ይግባ።”

ልጄ እኔ ይዣት ተመዝና አልሚ ምግቧን የተቀበለችው በዚያው ዕለት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።