ሳይጠየቁ የሚመልሱት እትዬ ሺታዬ

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። አንተን "ጤናህ እንዴት ነው?" ሲሉህ ቀድሞ "ጨጓራው ትንሽ ይዞታል" የሚለው እሱ ነው። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ፣ ሰፈሩ ገና ሰው አልገባበትም።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክብርት እትዬ ሺታዬ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው፣ እርሻው አልስማማ ሲላቸው ጋምቤላ ከተማ ገብተው ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ፣ አማርኛን በወግ፣ ኑዌርኛንና አኝዋክኛን በድፍረት የሚናገሩ ሴት። ክልል በሆንን ማግስት፣ በየቢሮው በር አዲስ ታፔላ በሚሰቀልበት ሰሞን፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው "ጥያቄ ያለው አለ?" ብሎ ጠየቀ። እትዬ ሺታዬ ተነሥተው መልስ ሰጡ። ጥያቄ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። "እኔ ልንገርህ" ካሉ በኋላ እሳቸውን የሚያስቆም መንግሥት ገና አልመጣም።

እኔ በጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኮት የሚባለው የእትዬ ሺታዬ ኑዌር ጎረቤት ኛሙዎች የምትባል ልጁን ይዞ መጣ። ኮት የግብርና ቢሮ ጥበቃ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስታናግራት ዓይንህን አታይም፣ ነገርም ቀባብታ አትናገርም። የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር በሰልፍ ላይ ንግግር አድርጎ "እንዴት አያችሁት?" ቢል፣ ከመቶ ተማሪ መካከል እሷ ብቻ መለሰች።

"ረጅም ነው። መሀሉን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተናግረኸዋል።"

ዳይሬክተሩን ከነገሩ ይልቅ ያመመው "አንተ" መባሉ ነበር። "ወይ የሐኪም ወረቀት፣ ወይ ስንብት" አለ።

የልጆች አእምሮ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው። ኮት ልጁን እዚያ ድረስ የሚወስድበት አቅም የለውም። ደብዳቤ ጻፍኩ። ዶክተር ሙሐመድአሚን የሚባል ሐኪም "በስልክ እንሞክረው" ብሎ መለሰልኝ። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ እሱ የማያየውን ደግሞ እኔ አይቼ እነግረዋለሁ።

በቀጠሮው ቀን ቴሌ ስንደርስ እትዬ ሺታዬ ቀድመውን ደርሰዋል። ለሁለት ሰው በማትበቃው የስልክ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ገባን፤ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን እጀታ መሀል ላይ ያዝኩት።

"ሰላም ኛሙዎች፣ እንዴት ነሽ?" አለ ዶክተሩ።

"ደህና ናት፤ ትናንት ትንሽ አስነጥሷት ነበር" አሉ እትዬ ሺታዬ።

"ጓደኛ አለሽ?"

"እኔ ልንገርህ ልጄ፣ የዘንድሮ ጓደኛ ምን ጓደኛ ነው?"

እንዲህ እያልን ግማሽ ሰዓት ሞላን። በመጨረሻ ዶክተሩ እኔን ጠራኝ። "አስማረ፣ ውጤቱ ደርሷል። እትዬ ሺታዬ ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታቸው እጅግ የዳበረ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷን እንመረምራለን።"

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ሺታዬን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ፣ ለስልክ ሠራተኛው ለሀሩን አደራ ሰጠሁ። እኛ ውስጥ ሆነን ሥራው ሰመረ።

"አንድ ሰው እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ቢልሽ ምን ማለቱ ነው?"

ኛሙዎች አሰበች። "ይታጠብ" አለች።

ዶክተሩ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ኮት የራሳቸውን አገር ተረት በኑዌርኛ እንዲጠይቃት አደረገ። እሱንም እንደዚያው ቃል በቃል ፈታችው። ኮት ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ።

"ስታወራ ዓይኗ የት ነው?" አለኝ ዶክተሩ።

"የስልኩ ሽቦ ላይ። ቀለበቶቹን እየቆጠረች ነው።"

"ሠላሳ አንድ ናቸው" አለች እሷ።

ውጭ ግን ሀሩን አልቻለም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በጎን ባለው የስልክ ክፍል ሚስቱን "ደህና ነኝ" እያላት ሳለ፣ እትዬ ሺታዬ በበሩ ክፍተት "ከስቷል፣ አትመኚው" ብለው መልሰውለት፣ ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ወጥቷል።

ከዚያ ዶክተሩ ከባዱን ጥያቄ አመጣ። "ትንሽ ልጅ ሳለች እንዴት ነበረች? መቼ አፏን ፈታች?"

ኮት አንገቱን ደፋ። በዚያን ጊዜ ወታደር ነበር፣ እናቷም ልጅቷን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ከብቶቹን ይዛ ኢታንግ ወረዳ ነበረች። ማን ያውቃል? ሦስታችንም እትዬ ሺታዬ ወደሚታዩበት የበሩ መስታወት ዞርን። አስገባናቸው።

እትዬ ሺታዬ መቀነታቸውን አጠበቁና ቀስ ብለው ተናገሩ። "ስመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ አንድ ቃል አልነበራትም። ሽንኩርቴን ትልቁን ከትንሹ እየለየች ስትደረድርልኝ ትውላለች። ስድስት ሲሞላት 'ይሄ በስብሷል' አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ እሱ ነው፤ እውነቷንም ነበር። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች፤ ስለዚህ ደመና ሳይ ሮጬ ወደ ሣር ቤቴ አመጣታለሁ።"

"እስካሁን?"

"እስካሁን። ሰው ሲጠይቃት ዝም ትላለች፤ ያኔ ይስቁባታል። ዱዳዋ ይሏት ነበር። እኔ ቀደም ብዬ መመለስ ጀመርኩ። እንዳይስቁባት ነው። ከዚያ ለመደብኝ፤ ለሁሉም ሰው መመለስ ሆነ።"

አሥር ዓመት ሙሉ የሳቅኩባቸው ሴት ናቸው።

ዶክተሩ ወደ ልጅቷ ተመለሰ። "ኛሙዎች፣ ካንቺ ጋር ቢሆን ደስ የሚልሽ ሰው አለ?"

እትዬ ሺታዬ አፋቸውን ከፈቱ። ወዲያው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። መስመሩ ላይ ነፋስ የሚመስል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ጠበቅን።

"እትዬ ሺታዬ" አለች ልጅቱ። "ብዙ ታወራለች። ግን ታውቀኛለች።"

እትዬ ሺታዬ ምንም አልመለሱም።

ወረቀቱ በረቡዕ አውሮፕላን መጣ። ኦቲዝም የሚባል ነገር እንደሆነ፣ ድፍረት እንዳልሆነ፣ በግልጽ ካነጋገሯት በግልጽ እንደምትመልስ ይላል። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አንብቦ ትምህርቷን እንድትቀጥል ፈቀደ፤ ኋላም የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት ካርዶች እንድትቆጣጠር አስረከባት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ያዘገየ ተማሪ፣ ከነአባቱ ስም በሰልፍ ላይ ትናገርበታለች።

ባለፈው ክረምት እትዬ ሺታዬ ዘመድ ሊጠይቁ ወሎ ሄደው አንድ ወር ቆዩ። የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ፣ ከሥራ ሹልክ ብዬ አውቶቡስ የሚቆምበት ሄድኩ። ኛሙዎች ቀድማ ቆማለች።

"ናፈቀችህ?" አለችኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

ለማንም ያላልኩትን ለእሷ አልኩ። "አዎ።"

"እኔ ከጠዋት ጀምሬ ነው የምጠብቃት" አለችና፣ እኔም እንድቆም ከዛፉ ጥላ ትንሽ ፈቀቅ አለችልኝ።