ያለ አምጪ አንቀበልም

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ወረዳው ከነሠራተኞቹ እኔ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። ሰልፉ ከቤቴ በር ተነሥቶ የኮንዶሚኒየሙን ግቢ ዞሮ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከሁሉ ፊት ቆሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ከኋላው ያሉት ተራቸውን በጫማቸው አስይዘው፣ በባዶ እግራቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋቸውና ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አልኳቸው። ኃላፊው እኔው ነበርኩ፤ የምሰበሰበውም ከራሴ ጋር ነበር። እነሱም እሺ ጌታዬ ብለው እጅ ነሡ።

ዕድሜዬን ሙሉ እነሱ ደጃፍ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝና ትንሽ ላቆማቸው አሰብኩ። ግን አልቻልኩበትም፤ ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሚስቴ ጥሩወርቅ ከሞተች ወዲህ በደጄ ይህን ያህል ሰው ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ ስብሰባውን በትኜ ግቡ አልኳቸው።

የወረዳው ሰዎች ግን ውጭ ቀሩና ሌላ ገባ። መጀመሪያ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ገባ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ጓንት አጥልቋል። ቀጥሎ የፍሊት ጣሳ፣ ከሱ ኋላ እያሳለ የሚሄድ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከሥሩ ነጭ ነገር የሚያፈስ የሬዲዮ ድንጋይ ተከታትለው ገቡ። ሁሉንም አወቅኋቸው። ጥሩወርቅ አንድ ቀን ይፈለጋሉ እያለች ከአልጋ ሥር የምታከማቻቸው ነበሩ። እኔ አውጥተሽ ጣያቸው ስላት የኖርኩት ሰው አሁን ተቀመጡ ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው።

ቆርቆሮው አልቀመጥም አለ። ጉሮሮውን ጠርጎ ከዛሬ ጀምሮ በወረዳው አዲስ ፕሮግራም እንደተጀመረ፣ በየቤቱ ያለው አደገኛ ነገር ሁሉ እየተለቀመ እንደሚወሰድ አስረዳኝ። እኔም ደስ ይለኛል፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ሐኪም መጥፎ ነገር ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ዓይነት ነበር።

«በዚህ ቤት አደገኛው እርስዎ ነዎት» አለኝ ቆርቆሮው።

«እኔ ማንን ጎዳሁ?»

«ገና ነው» አለ ድንጋዩ። «ብቻውን የተቀመጠ ነገር ግን ያፈሳል።»

ከሬዲዮ ሆድ ውስጥ ተረስቶ ብዙ ዘመን የኖረ ነውና የሚናገረውን ያውቃል። እኔም ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል እኮ አልኩ። ሽሮፑ አስሎ አስሎ፣ መድኃኒትም ጊዜ ያልፍበታል አለኝ።

መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ወደ አንድ ቦታ ሊወስዱኝ ነው፤ ከተፈለግሁ ደግሞ ስንት ጊዜዬ ነው። የሰርጌን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ወጣሁ። ውጭ ጋሪ ቆሟል። ጋሪውን የሚጎትተው ሥራ አስፈጻሚው ነው፤ አህያዋ ከላይ ተቀምጣ ጃንጥላ ዘርግታለች። ጋሪው ስለሞላ በእግርህ ተከተል ተባልኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

አስፋልቱ ላይ አውቶቡሱ በተሳፋሪዎቹ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ ከላይ ይጮኽባቸዋል፤ እነሱም ላብ እያጠመቃቸው ይጠጋጋሉ። እኔ እስከ ጡረታዬ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ከነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ ያውቀኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልፈውኝ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ የትኬት ቆራጭን ፊት ማን ያያል፣ የሚያዩት እጁን ነው።

ከዚያ አንድ ሜዳ ደረስኩ። የሜዳው ጎሎች ላይ በልብስ ፋንታ ደመና ተሰጥቷል። ሰዉ ሁሉ ሰው ይዞ መጥቷል። አንዲት ምራት አማቷን በፌስታል አንጠልጥላ ታስረክባለች። አንድ ጎረምሳ አጎቱን በካርቶን አድርጎ፣ ቀስ በሉ ይሰበራል ይላል። ቁጡዎቹን ከጥላ ሥር ያስቀምጧቸዋል፣ እሳት ይይዛሉ ተብሎ። አልቃሾቹን በርሜል ውስጥ፣ ዝምተኞቹን ለብቻ ያደርጓቸዋል። የምራትና የአማት ስንብቱን ቆሜ አየሁ። ምራቲቱ ነጠላዋን አስተካክላላት፣ እንዳይበርድሽ አለቻት።

ተራዬ ደረሰ። አህያዋ አሁን ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ መነጽር አድርጋለች። ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ።

«አምጪህ የታለ?»

«ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ራሱን ያመጣ አንቀበልም» አለችኝ። «ያለ አምጪ የመጣ ሁሉ ይግባ ቢባል ይህ ሜዳ ይበቃል?»

እመቤቴ ብዬ ለመንኳት። የማፈስ መሆኔን፣ ድንጋዩም ምስክሬ እንደሆነ ነገርኳት። እሷ ግን ከኋላዬ ያለውን ጠራች። ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩና አላፊ አግዳሚውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይህን ሰውዬ እኔ ነኝ ያመጣሁት በሉልኝ እያልኩ መለመን ያዝኩ። አንዱ ቸኩያለሁ አለ። አንዷ የራሴን ገና አላደረስኩም አለች። እንዲህ ዓይነት ልመና ከብር ልመና ይከብዳል።

ዞር ስል የእድር ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑ ውስጥ ሙታን በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ለቋሚዎች ያለቅሱ ነበር። የአንዱን ስም እየጠሩ፣ ወይኔ ገና አለ፣ ወይኔ ጠዋት ይነሣል እያሉ ደረት ይመታሉ። ጥሩወርቅ ከጓዳ በኩል ንፍሮ እየዘገነች ታድላለች። በሕይወቷም እንዲሁ ነበረች፤ የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። እኔ ስደርስ እጄ ላይ ንፍሮ አደረገችልኝና ልታልፍ ስትል ቀና ብላ አየችኝ። ከስተሃል አለችኝ። እኔም ጉዳዬን ነገርኳት።

«እኔ እኮ ሞቻለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ግን ሌላ ሰው የለኝም።»

ሰፌዱን ለጎረቤቷ ሰጠችና ቀሚሷን አራገፈች። እጄን አልያዘችም፤ የኮቴን እጅጌ በሁለት ጣቷ ያዘችና ቀደመችኝ። ባልና ሚስት ሆነን ስንኖር አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ ሰውዬው ነበር የምትለኝ። ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ አህያዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«የኔ ነው» አለች ጥሩወርቅ።

ይህን በሰው ፊት ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አህያዋ እሺ አለችና ለዝምተኞቹ መደብ አሳለፈችኝ። ጥሩወርቅ ለቅሶው ይጠብቀኛል ብላ ተመልሳ ሄደች፤ ዞራ አላየችኝም። እኔ እስከምትሰወር ድረስ አየኋት።

ዝምተኞቹን የሚያደርጉን ሌላ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ያሰጡናል። እኛ ሰዎች የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ትንሽ እንዲያገግም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እንደምናስመታው፣ ድንጋዮቹም እኛን በሰፊ ቆርቆሮ ላይ ደረደሩን። በቀኜ አንድ የድሮ ዘበኛ፣ በግራዬ አንዲት እግሯ የሚቀዘቅዛት አሮጊት ተጋደሙ። ቆርቆሮው ይሞቃል። የዘበኛው ትከሻ ትከሻዬን ነክቶኛል። ከልማዴ ጠጋ ጠጋ በሉ ስላቸው ሁሉም ተሳሳቁና ተጠጉልኝ። ዘበኛው ስለ ጉልበቱ ነገረኝ፣ እኔም ስለ ወገቤ ነገርኩት። አሮጊቷ እግሯን እግሬ ላይ አሳረፈች። ሰው እንዲህ በቀላሉ ደስ ሊለው እንደሚችል ረስቼው ነበር።

ድንጋዮቹ በየተራ እየመጡ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱናል። ዘበኛውን ቀመሱና አልቋል፣ ይቆይ አሉት። አሮጊቷንም ይቆዩ አሏት። እኔ እስትንፋሴን ዋጥሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ያለቀ ሰው ለመምሰል የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። ያ የኔ የሬዲዮ ድንጋይ መጥቶ ግንባሬን ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼኛው ገና አለው» አለ። «ወደ ቤቱ ይመለስ።»

የለኝም ብዬ ጮኽኩ። የቀረኝ ነገር እንደሌለ፣ ጠዋት ስነሣ ለምን እንደምነሣ እንኳ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ዘበኛው እጄን ሊይዝልኝ ሞከረ፤ አሮጊቷ ተዉት ልጄን አለች። እነሱ ግን ከቆርቆሮው ሊያላቅቁኝ ከሥር ይደበድቡት ጀመር። ቆርቆሮው ጓ ጓ ጓ አለ። ጓ ጓ ጓ።

ነቃሁ። በር እየተንኳኳ ነበር። ዘልዬ ልነሣ ስል የሚንኳኳው የኔ በር አለመሆኑ ገባኝ፤ ፊት ለፊቴ ያለው የወይዘሮ ዘውድነሽ በር ነው። እሷ ስትከፍት ሰማሁ። አንዲት ልጅ ከወረዳ እንደመጣች፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር ከየቤቱ እየሰበሰቡ እንደሆነ ነገረቻት። ዘውድነሽ ተባረኩ፣ ከልጆች ደብቄ ደብቄ ቦታ አልቆብኝ ነበር ብላ አንድ ፌስታል ስታወጣ በውስጡ ያለው ጠርሙስ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ልጅቱ ያኛውስ ቤት ብላ ጠየቀች።

«እሱ ቤት ሰው የለውም» አለች ዘውድነሽ። «ሴትየዋ ከሞተች ወዲህ ባሏን ልጁ ወስዳዋለች መሰለኝ።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እሷም ለጥሩወርቅ ቅርብ ነበረች። ልጄ ሐዋሳ እንሂድ ብላ ለምናኝ እምቢ እንዳልኩ እሷ በምን ታውቃለች። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ ተኝቼ፣ እውነቷን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እውነቷን ከሆነ ዝም ብዬ ብቆይ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ልጅቱ ደረጃውን ልትወጣ ስትጀምር ግን እግሬ ቀድሞኝ ተነሣ። የመኝታ ቤቱን መብራት አብርቼ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ በሩን ከፈትኩ።

ዘውድነሽ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ፣ እዚህ ነዎት እንዴ ብላ አፈረች፤ እኔም አፈርኩላት። ልጅቱ ከደረጃው ተመለሰች። ጓንት አድርጋለች፣ ፊቷ ገና የተማሪ ፊት ነው።

«አባባ፣ ቤት ውስጥ አደገኛ ነገር አለዎት?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት። «ብዙ አለ። ግቢ።»

ምንም አልነበረም። የእናቷን ክምችት ልጄ አርባዋን ባወጣን ማግስት ጠራርጋ ጥላዋለች። ልጅቱን ሳሎን አስቀምጬ መኝታ ቤት ገባሁና አልጋውን ሳብኩ፣ ሣጥን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እየፈለግሁ ለመምሰል ዕቃ እያንኳኳሁ ከዚያው ሆኜ አገርሽ የት ነው አልኳት። ደብረ ሲና አለች። እናትሽ አሉ ወይ አልኳት። አሉ አለች፣ ጉንፋን ይዟቸዋል። ጤፍ ዘንድሮ እንዴት ነው አልኳት፣ ሥራው አይከብድሽም ወይ አልኳት፣ ስምሽ ማነው አልኳት። ሐመልማል አለች። ሁሉንም በትሕትና መለሰችልኝ። ከዚያ ጓደኛዋ ከውጭ ጠራትና ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አባባ፣ ከሌለ ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ አለች።

አልጋው ላይ ወጣሁና የሚበራውን ጠምዛዛ አምፖል ነቀልኩት። ጣቴን አቃጠለኝ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነበርና ክፍሉ ጨለመ። በጋቢዬ ጫፍ ይዤው ወጣሁና፣ ይኸው፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ከተቃጠለ ሰነበተ አልኳት። ልክ ነው አባባ፣ እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው፣ ውስጡ መርዝ አለው ብላ እጇን ዘረጋች። አምፖሉን ተቀበለችና ቆመች። ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ሳይሰማት አልቀረም። አምፖሉን አየች፣ ጨለማውን መኝታ ቤት አየች፣ እኔን አየች።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ገና ትኩስ ነው» አለችኝ።

«እንግዲያስ ነገ ይቀዘቅዛል» አልኳት። «ነገ ነይና ውሰጂው።»