እሜቴ መጋረጃ እና ሁለቱ ካልኩሌተሮች

የሰው ሥራ «አለቀ» ሲባል ሰምቶ ዝም ማለት የማይችል አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በእኛ ቢሮ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈታሻችን ናቸው። እሳቸው ሳይፈርሙ ምንም ነገር ከበር አይወጣም። ከኋላቸው «እሜቴ መጋረጃ» እንላቸዋለን። ምክንያቱን ላስረዳ።

የሠራሁት ፕሮግራም ለሆስፒታል ነው። የበሽተኛ ጣት ላይ ከሚደረግ መቆንጠጫ የልብ ምት ይቀበልና በነርሷ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ በሚከፈት አንድ ሳጥን፣ በእኛ አነጋገር «መስኮት»፣ ያሳያል። ምት ሲዛባ ወይም ሲጠፋ መስኮቱ ይቀላል። ነርሷ የምታየው ከሆነ ቅላቱ ይበቃል፤ የተኛ አይቀሰቀስም። ሌላ ነገር ከሸፈነው ግን መጮህ አለበት። ሰኞ ሥራ ሊጀምር፣ ዓርብ ዕለት እሜቴ መጡ። መቆንጠጫውን ጣታቸው ላይ አደረጉ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ካልኩሌተር ከፈቱ፣ ለጥጠው መስኮቴ ላይ እንደ መጋረጃ ደረቡት፣ መቆንጠጫውን አወለቁ። ጸጥ።

«አሁንስ መሸፈኑን አወቀ?» አሉ።

«እትዬ፣ መስኮቱ እኮ ክፍት ነው።»

«ክፍትማ ክፍት ነው። ይታያል ወይ?»

ደሜ ፈላ። የሦስት ወር ልፋት በካልኩሌተር! ይባስ ያናደደኝ ግን ልክ መሆናቸው ነው። ጠረጴዛ ላይ የተደራረቡ ወረቀቶችን አስቡ። ከሥር ያለውም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማን ያነበዋል? ስለዚህ መስኮት «ክፍት ነኝ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ «ከእኔ በላይ እነማን አሉ? ምን ያህል ሸፈኑኝ?» ማለት አለበት። ያውም አንዴ ሳይሆን አንዱ በተነሳ፣ በተገፋ፣ በተዘጋ ቁጥር። ነገሩ ሲገባኝ ንዴቴን ረስቼ ፕሮግራሙን እስከ ማታ እንደገና ጻፍኩ።

ቅዳሜ ሳሳያቸው ሁለት ካልኩሌተር ከፈቱ። አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን ሸፈነ። ፕሮግራሜ እያንዳንዱን ለየብቻ ይለካል፤ እያንዳንዱም ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። አሁንም ጸጥ።

«ለሁለት ተካፍለው ጨረሱህ፣ አንተ ገና ግማሽ ቀረኝ ትላለህ» አሉኝ።

ሰኞ አለፈ። አለቃችን የጮኸው በእሳቸው ላይ አይደለም፤ በእኔ ላይ ነው። እሜቴ የፈረሙት ፕሮግራሙ የሸፈኑትን ሁሉ ደምሮ እንዲለካ ካደረግኩ በኋላ፣ ረቡዕ ነው፣ ያውም ፊታቸውን አጨማደው።

ባለፈው ወር እሜቴ የሐሞት ጠጠር አስወጥተው እዚያው ሆስፒታል ተኙ። ቂሜን እንደያዝኩ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ።

«እግዜር ይማርዎ፣ እት...»

«ዝም በል» አሉኝ። ዓይናቸው ክፍሉ ጥግ ያለው የነርሷ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ነርሷ የመድኃኒት ዝርዝር ከፍታ የእኔን መስኮት ድፍን አድርጋ ሸፍናዋለች። እሜቴ መቆንጠጫውን ከጣታቸው ቀስ ብለው አወለቁ።

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ነርሷ ወንበሯን ገልብጣ ሮጠች። ባዶውን መቆንጠጫ ስታይ እሳቸውን መቆጣት አልደፈረችም፤ እኔን እጄን ይዛ አስወጣችኝ። በሩ ሳይዘጋ እሜቴ ለጎረቤት በሽተኛዋ ሲናገሩ ሰማሁ።

«አወቀ፣ አየሽ? የኔ ልጅ ነው የሠራው።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለመናደድ ብዙ ሞከርኩ። አልሆነልኝም።