ከጣራ ያላለፈች ሳተላይት

[ደብረ ማርቆስ፣ የወይዘሮ የብርጓል ግቢ። ዲሽ ገጣሚው አለበል ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ያሽከረክራል። ልቡ ግን ከሳህኑ ጋር አይደለም፤ ከወይዘሮዋ ልጅ ከምሥራቅ ጋር ነው። «የፊታችን እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ ለሰፈሩም ለባጃጅ ነጂውም አውርቶ ጨርሷል። ዛሬ ሥዕል ካላመጣ በምን ፊቱ! ጓደኛው ፈንታ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የዛሬ ሥራው ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥኑን እያየ በመስኮት መጮህ ነው።]

አለበል፦ «ማን?» ይባላል እንዴ! «መጣ?» ስልህ ወይ «መጣ» በል፣ ወይ «አልመጣም» በል!

ፈንታ፦ [በመስኮት አንገቱን አውጥቶ] ማን እንደሚመጣ ሳላውቅ? እንግዳ አለ?

አለበል፦ ሥዕሉ! ሥዕሉ!

ፈንታ፦ እ... የማርያም ነው የጊዮርጊስ?

አለበል፦ የቴሌቪዥኑ! ሆ! አንተን ይዞ ሥራ... ይኸው አዞርኩት። መጣ?

ፈንታ፦ [ገባ፤ ቆየት ብሎ ብቅ አለ] አልመጣም።

አለበል፦ አሁንስ?

ፈንታ፦ አልመጣም። አለቤ፣ ቆይ ግን፣ ሳህኑ የሚያየው ማንን ነው?

አለበል፦ ሳተላይቷን ነዋ!

ፈንታ፦ ሳተ... ላይት። ስሟ ውስጥ «ሳተ» እያለ እንዴት ታገኛታለህ?

አለበል፦ የቅኔ ቤት ነገርህን እዚያው ደብረ ወርቅ! ሁለት ክረምት ተቀምጠህ ባዶህን የተመለስክ! ይሄ ሳይንስ ነው። አሜሪካ እንኳ ሳተላይት ላምጥቅ ስትል መጀመሪያ ላይ አልሆነላትም። ዓለምን ጠርታ፣ ጋዜጠኛ ደርድራ፣ «እዩኝ» አለች። ሮኬቷ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አለችና... ዘጭ! እሳት በእሳት!

ፈንታ፦ እኔን! ይህን ጣራ እንኳ ሳታልፍ?

አለበል፦ ሳታልፍ!

ፈንታ፦ ታዲያ ከወደቀች ሳህኑን ወደ ሰማይ ምን አንጋጠጠው? ወደ መሬት ድፋው እንጂ!

አለበል፦ ያቺ አይደለችም! ያ ድሮ ነው፣ አባትህ ሳይወለድ!

ፈንታ፦ ነፍስ ይማር።

አለበል፦ ምን ነፍስ አላት! ገራሚው ደግሞ፣ ጫፏ ላይ የነበረችው ሳተላይት፣ ትርንጎ የምታህል፣ ከእሳቱ ተስፈንጥራ ወደቀች። ከዚያ ሰማይ የደረሰች መስሏት ጢት፣ ጢት እያለች መልእክት ትልክ ጀመር!

ፈንታ፦ መውደቋን የነገራት የለም?

አለበል፦ ማን ይንገራት?

ፈንታ፦ አሳዘነችኝ። [ገባ። ከሳሎን የሴት ሳቅ ተሰማ። ብቅ አለ።] ምሥራቅ ናት፤ የትርንጎዋን ነግሬያት ነው።

አለበል፦ [ኮሌታውን አስተካክሎ] ይሄን ያስተማረኝ አለበል ነው በላት! ስለ እኔ ምን አለች?

ፈንታ፦ «አይውደቅ» አለች።

አለበል፦ አየህ! ታስብልኛለች! [በእጁ የያዘው ሲግናል ፈላጊ ጢት፣ ጢት አለ] ኧረ! ይሄ መሣሪያ አገኘሁ እያለ ነው እኮ! መጣ?

ፈንታ፦ አልመጣም።

አለበል፦ ጢት እያለ?

ፈንታ፦ ያቺስ ወድቃ ጢት ትል አልነበር? ጢት ማለት ምን ማስረጃ ነው!

አለበል፦ [ግራ ገብቶት] እሱስ... እንግዲህ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ልጠጋ መሰለኝ።

ፈንታ፦ [ደንግጦ] ወደ ምሥራቅማ አትጠጋ! እዚያ በኩል ተይዟል!

አለበል፦ በማን?

ፈንታ፦ በ... በባሕር ዛፉ! ቅጠሉ ይጋርድሃል። ይልቅ ያን ጊዜ ራሺያ ምን ሆነች?

አለበል፦ ራሺያማ መሠሪ ናት! ትንፍሽ ሳትል ቀድማ አመጠቀች። ዓለም የሰማው ከወጣች በኋላ ነው። ሥራ እንዲህ ነው! ለነገሩ አንተ ይሄ መቼ ይገባሃል።

ፈንታ፦ እውነትህን ነው። [ገባ። ከዚያ ከውስጥ፦] ጎ...ል!

አለበል፦ ምን አልክ?

ፈንታ፦ ምንም።

አለበል፦ ጎል አልክ! ሥዕሉ መጥቷል!

ፈንታ፦ [ራሱን እያከከ ብቅ አለ] እህ... መጥቷል።

አለበል፦ መቼ?

ፈንታ፦ ገና መጀመሪያ ስታዞረው።

አለበል፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ «አልመጣም» ያልከኝ?

ፈንታ፦ ቅኔ ነው አለቤ። ሰሙ «ሥዕሉ አልመጣም»፤ ወርቁ «አንተ አትምጣብን»።

አለበል፦ አትምጣብን? እናንተ እነማን ናችሁ?

ፈንታ፦ እኔና ምሥራቅ። ሽማግሌዎቼ ያለፈው እሑድ ገብተው እሺ ተብለዋል።

አለበል፦ [ቆርቆሮው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ልቡ ተሰብሯል፤ ከልቡ ይልቅ ግን የባጃጅ ነጂው ሳቅ ታይቶት አንገበገበው።] እኔ ለአገር ምድሩ አውርቼ! ምነው ብትነግረኝ?

ፈንታ፦ ስንቴ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ! አንተ መቼ ሰው ታስወራለህ? ደግሞ አሁን አንተው አልከው፤ አሜሪካ ፎከረች፣ ራሺያ ትንፍሽ ሳትል አመጠቀች።

አለበል፦ [መፍቻውን ጨብጦ ተነሣ] ቆይ ብቻ፣ ልውረድ! [ወደ ጣራው ጫፍ ሄዶ ቁልቁል አየ። መሰላሉ የለም።] ፈንታ! መሰላሉ የት ሄደ?

ፈንታ፦ ወደ ጓሮ ዞር አድርጌዋለሁ። ንዴትህ ሲበርድ ይመጣል።

አለበል፦ በርዶልኛል! አምጣው!

[ፈንታ መስኮቱን ዘጋ። አለበል ጠበቀ፤ ነፋሱም ጸሐዩም ተፈራረቁበት። ሲግናል ፈላጊው እጁ ላይ ጢት፣ ጢት ይላል።]

አለበል፦ [ድምፁን አለስልሶ] ፈንታዬ... መጣ?

ፈንታ፦ [ከውስጥ] አልመጣም!